ሽታው የጠፋ ዱቄት

ሶልቫይ ያን ዕለት ጀልባዋ ላይ የወጣችው መንገድ ተሳስታ ነው። ወደ ሞርስ ደሴት የሚያሻግር ትልቅ ድልድይ እያለ፣ ስልኳ በሰሜን በኩል አዙሮ ወሰዳትና ከስድስት ሰባት መኪና በላይ ከማትይዝ አሮጌ መሻገሪያ ጀልባ ላይ ጣላት። የየካቲት ነፋስ ውሃውን ያምሰዋል። ትንሽ አየር ልቀበል ብላ ከመኪናዋ ወርዳ ቆማ ሳለ፣ አንገቷ ላይ የጠመጠመችው ሻርፕ ከኋላዋ ተጎተተ።

ዞር ስትል አንዲት ጥቁርና ነጭ ጊደር ከመኪና ተጎታች ፍርግርግ መሀል አፏን አውጥታ የሻርፑን ጫፍ ታኝካለች።

«አትጎትቺ» አላት የተጎታቹ ባለቤት፣ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ። «ከጎተትሽ እሷም ትጎትታለች። እልኸኛ ናት።»

«እና ምን ላድርግ፣ ልተውላት?»

«የሱፍ ነው?»

«የሱፍ ነው።»

«እንግዲያስ ትተፋዋለች። ሱፍ አትወድም።»

እውነትም ጊደሯ ትንሽ አሰብ አድርጋ ተፋችው። ወጣቱ ወርዶ በለሃጭ የራሰውን ሻርፕ አንስቶ በሱሪው ጠረገና ሰጣት። ፊቱ ነፋስ የገረፈው፣ ዓይኑ ግን ለመሳቅ የሚቸኩል ነበር።

«ማን ጋ እየሄድሽ ነው?» አላት።

«ቪጎ ክሮግ የሚባሉ ገበሬ ጋ። የላሞቻቸውን ትንፋሽ ልለካ ነው።»

«አሃ። የግሳቷ ልጅ አንቺ ነሽ?»

«እንደዚያ ነው የምትሉኝ?»

«ገና ሳትመጪ ስም ወጥቶልሻል። ደሴት ነው፤ ሰው ወሬ ይቸግረዋል።» ከዚያ እጁን ዘረጋ። «ኤስበን እባላለሁ። ቪጎ አባቴ ነው። ተከተይኝ፤ ግን ከአሁኑ ልንገርሽ፣ እሱ ከላም በቀር ማንንም ቶሎ አይወድም።»

ጀልባዋ ማዶ ስትደርስ ሶልቫይ መንገዱን በመሳሳቷ አልተናደደችም።

የምትሠራው ስኪቨ ከተማ ባለ አንድ ትንሽ የመኖ ድርጅት ውስጥ ነው። ላም ስታመሰኳ ሆዷ ውስጥ ሚቴን የሚባል ጋዝ ይፈጠራል፤ ስታገሳ ይወጣል፤ ሰማይ ላይ ተከማችቶ ምድርን ያሞቃል። ድርጅቱ ከቀይ የባሕር አረም ዱቄት ያወጣል። ዱቄቱ በጥቂቱ ከመኖ ጋር ከተደባለቀ ጋዙን በሢሶ ይቀንሳል። የዚህ ዓይነት ነገር ከዚህ በፊትም ነበረ፤ ችግሩ ሁሉም ከተከፈተ ቶሎ መሞቱ፣ ኃይሉን ማጣቱ ነው። የድርጅቱ ኃላፊ ሄኒንግ የሚኮራው የእነሱ ስለሚቆይ ነው። «በማንኛውም ደረቅ ቦታ ለስድስት ወር ሳይበላሽ ይቀመጣል» የሚለውን በከረጢቱ ላይ የጻፈችው ሶልቫይ ራሷ ናት። ሄኒንግ ነገራት፣ ጻፈች።

ቪጎ በሰባኛ ዓመታቸው ላይ ያሉ፣ ረጅምና ጎባጣ ሰው ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን ለወተት ማኅበሩ ወተት ሲያስገቡ አንድ ቀን እንኳ ተመልሶባቸው አያውቅም። ሶልቫይ በረቱ ደጃፍ ቆማ ሁሉንም ስታስረዳቸው እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ሰሟት።

«ላም ካላገሳች ታማለች» አሉ በመጨረሻ።

«ታገሳለች እኮ። ጋዙ ነው የሚቀንሰው።»

«እና ጋዙ የት ይገባል?»

«የትም አይገባም። መጀመሪያውኑ አይፈጠርም።»

«እንደ ልጄ ትዳር በይኛ» አሉ ቪጎ፣ ወደ ኤስበን ሳይዞሩ።

ኤስበን ጆሮው ድረስ ቀላ። «አባባ፣ እንሞክረው። ማኅበሩ ዘንድሮ አንድ እርሻ ለናሙና ይፈልጋል። እኛ ካልሆንን ሌላ ይሆናል። ኃላፊነቱ በኔ ይሁን።»

«ኃላፊነቱ በአንተ ይሁን፤ በሩ ላይ የተጻፈው ስም ግን የኔ ነው። ከተበላሸ የሚበላሸው እሱ ነው።» እጃቸውን ከኪሳቸው አወጡ። «ይሁን። አስገቡት።»

ከረጢቶቹን ከመኪናው ሲያወርዱ ኤስበን የት እንደሚያስቀምጣቸው ጠየቃት። ሶልቫይ ዙሪያዋን አየችና ከመኖ ቤቱ በላይ፣ ከቆርቆሮው ጣሪያ ሥር ወዳለው ቆጥ ጠቆመች።

«እዚያ ደረቅ ነው» አለች። «ይበቃል።»

ከዚያ ወዲያ ማክሰኞ ማክሰኞ መጣች። በበረቱ ጥግ ላሞቹ ጣፋጭ ፍርፋሪ ሊበሉ ጭንቅላታቸውን የሚያስገቡበት ሣጥን ተተክሏል፤ ሣጥኑ ትንፋሻቸውን ስቦ ይለካል። እሷ ላሞቹን በጆሯቸው ቁጥር ትጠራለች፣ ኤስበን በስማቸው። «አራት መቶ አሥራ ሁለት ዛሬ አልመጣችም» ትለዋለች፤ «ሀነ ናት፣ ከትናንት ጀምራ አኩርፋለች» ይላታል። ከጊዜ በኋላ እሷም ሀነ ማለት ጀመረች፤ ሪፖርቱ ላይ ግን ቁጥሩን ትጽፋለች።

ቁጥሮቹ ደስ ይሉ ነበር። በሚያዝያ ጋዙ በሢሶ ወረደ፤ በግንቦትም እዚያው ጸና። ኤስበን መቶ ሃያውን ላም ጠዋትና ማታ ዱቄቱን ለክቶ ይመግባል። ከረጢት ሲከፍት ጣፋጭም ኮምጣጣም የሆነው ሽታ አፍንጫ ይሰነፍጣል፤ ዓይኑ እንባ ያቀርና «አባባ ሲያየኝ በፍቅር የማለቅስ ይመስለዋል» ይላታል። እሷ ትስቅና ቶሎ ወደ ወረቀቷ ትመለሳለች። ወረቀቱ ላይ ግን ለረጅም ጊዜ ምንም አትጽፍም።

በበጋው የቅዱስ ዮሐንስ ልደት ዋዜማ ምሽት የደሴቱ ሰው እንደ ልማዱ ባሕሩ ዳር እንጨት ከምሮ አነደደ። የሰኔ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም፤ እሳቱ በብርሃኗ ውስጥ ፈዞ ይታያል። ሶልቫይና ኤስበን ከሰዉ ራቅ ብለው በጠጠሩ ዳርቻ ተራመዱ።

«ወደ ስኪቨ መቼ ነው የምትመለሺው?» አላት።

«አሁን መመለስ ነበረብኝ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ እዚህ ነኝ።»

ቆመ። እሷም ቆመች። ፊቷን በእጁ ሊነካ ሲል ግን ወደ ኋላ አለች።

«ኤስበን፣ እኔ ለኪ ነኝ፣ አንተ ተለኪ ነህ። ሰው ቢያውቅ ቁጥሩን ማን ያምነዋል?»

«እንግዲያው ልኪኝ» አላት በቀስታ። «ከዚያ የፈለግሽውን ጻፊ።»

ሳቀች፤ ሳቋ ሳያልቅ ሳማት።

ለማንም አልተናገሩም። ሙከራው መስከረም ላይ እስኪያልቅ ይደበቅ ተባባሉ። በበረቱ ውስጥ ሲተላለፉ እጅ ለእጅ እንኳ አይነካኩም። ቪጎ ያዩ እንደሆነ አይታወቅም፤ አንድ ማክሰኞ ግን ለምሳ ሲቀመጡ አጃ ዳቦውንና የሚቀባበትን የተፈጨ ጉበት ወደ ሶልቫይ ገፋ አድርገው «ብዪ። ከስተሻል። ሰው ሲደብቅ ይከሳል» አሏት።

የዚያ ዓመት ሐምሌ በደሴቱ ታይቶ የማይታወቅ ሙቀት ይዞ መጣ። ለሦስት ሳምንት ነፋስ አልነበረም። ላሞቹ ጥላ ፍለጋ ከበረት አልወጣ አሉ፤ የቆርቆሮው ጣሪያ በእጅ አይነካም ነበር። ከሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ ቁጥሮቹ ቀስ እያሉ ወደ ላይ ወጡ፤ ነሐሴ አጋማሽ ላይ ጋዙ ሙከራው ከመጀመሩ በፊት ወደነበረበት ተመለሰ። ዱቄቱን ማንም እንዳልሰጣቸው ያህል።

ሄኒንግ ወረቀቱን አይቶ ብዙም አልደነቀው። «አቁመዋል» አለ። «ገበሬ አይታወቅም? ሽማግሌው ሰልችቶት ነው። ፍግ ጉድጓድ ውስጥ ይደፉትና ከረጢቱን ባዶ አድርገው ያሳዩሻል።»

«እነሱ እንደዚያ አያደርጉም።»

«እንዴት አወቅሽ?»

ሶልቫይ የመኪናዋን ቁልፍ አነሣች። የምታውቅበትን መንገድ ለሄኒንግ መናገር አትችልም። በመኪናዋ ወደ ሞርስ ስትነዳ ግን ይህ ጥያቄ አብሯት ተጓዘ። እንዴት አወቅሽ? ስለምወደው አይደለም? ሌላ ገበሬ ቢሆን ኖሮስ?

ኤስበን መኖ ማደባለቂያው አጠገብ አገኛት። ቁጥሩን አሳየችው።

«ይሄንኑ ልነግርሽ ነበር» አለ። «ዱቄቱ ሽታው ጠፍቷል። ቆይ፣ ያዢ።» ከክፍት ከረጢት ዘግኖ ክዳን ባለው ትንሽ የማርማላታ ብርጭቆ ሞላላት። «ሚያዝያ ላይ ያስለቅሰኝ ነበር። አሁን አቧራ ነው። ሽተቺው።»

«ሽታ መረጃ አይሆንም፣ ኤስበን።»

«ለኔ ይሆናል። ሣር መበስበሱን በምን ነው የማውቀው?»

«ስድስት ወር ይቆያል። ተፈትኗል።» ድምጿ እንደ ሄኒንግ እየሆነ መምጣቱን ራሷም ሰማችው። «እውነቱን ንገረኝ። አባትህ አስቁመውህ ነው?»

ኤስበን ክዳኑን ገጥሞ ብርጭቆውን አቀበላትና ለረጅም ጊዜ አያት። ያ ለመሳቅ የሚቸኩል ዓይን አሁን አልቸኮለም።

«ሌላ ሰው ቢጠይቀኝ እመልስለት ነበር» አለ። «አንቺ ግን እንዴት ትጠይቂኛለሽ?»

«ሌላ ሰው ብትሆንም እጠይቅህ ስለነበር ነው።»

«እሺ። እንግዲያው እንደ ሌላ ሰው ልመልስልሽ። በየቀኑ፣ ጠዋትና ማታ፣ ለክቼ ሰጥቻቸዋለሁ።» ይህን ብሎ ወደ ላሞቹ ሄደ።

ስኪቨ ተመልሳ ብርጭቆውን መሳቢያዋ ውስጥ ከተተችውና ሪፖርቱን ለመጻፍ ተቀመጠች። ሁለት ቀን ፈጀባት። ልቧ «አምኚው» ሲላት፣ ያንኑ ልቧን መጠርጠር ሐቀኝነት መሰላት። በመጨረሻ አንዲት ዓረፍተ ነገር ጻፈች፦ «ከሐምሌ ወዲህ የመኖ አሰጣጡ መመሪያ በእርሻው በኩል እንዳልተከበረ ይገመታል።» ስትጨርስ ለፍቅሯ ያላደላች ቅን ሰው መሆኗ ተሰማት። በዚያ ሌሊት ግን እንቅልፍ አልወሰዳትም።

ሪፖርቱ ለወተት ማኅበሩ ደረሰ። በመስከረም መጀመሪያ በነበረው ስብሰባ የማኅበሩ ጸሐፊ ያቺን ዓረፍተ ነገር ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበባት። ከዚያ የቪጎ ጎረቤት ፕሬበን፣ ቀልድ የማያልቅበት ሰው፣ ከመሀል ሆኖ ጠየቀ።

«ቪጎ፣ ዱቄቱን የምታበላው ለላሞቹ ነው ወይስ ለፍጉ ጉድጓድ?»

ሰዉ ሳቀ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ ግን ሳቅ ነበር። ቪጎ ቆባቸውን አንስተው ወጡ። በሳምንቱ ላሞቹን ለመሸጥ ተስማሙ። ኤስበን ቢለምን፣ ቢቆጣ፣ አልሰሙትም። «ውሸታም የተባለ ሰው ወተት አይሸጥም» አሉ።

ጭነት መኪኖቹ መጥተው በሄዱ ማግስት የሶልቫይ ስልክ ጮኸ።

«አንቺ ነሽ የጻፍሽው?» አለ ኤስበን።

«እኔ ነኝ። እንዲህ ይሆናል ብዬ ግን...»

«አንቺ መሆንሽን ብቻ ነው ማወቅ የፈለግሁት።»

ስልኩ ተዘጋ። ከዚያ በኋላ ደጋግማ ደወለች፤ አላነሳም።

ጥቅምት ሊያልቅ ሲል አንድ ቀን ማስመሪያ ስትፈልግ መሳቢያዋን ከፈተችና ያ የማርማላታ ብርጭቆ እጇ ገባ። ክዳኑን አዞረችው። አሸተተች። ደረቅ አረም፣ ሌላ ምንም። አጠገቧ በዚያው ሳምንት የመጣ አዲስ ከረጢት ነበር፤ ስትከፍተው አፍንጫዋን ሰነፈጣትና ዓይኗ አነባ። የብርጭቆውን ክዳን መልሳ ገጠመች።

ላቦራቶሪ ወስዳ ፈተነችው። ከጥንካሬው አንድ አምስተኛው እንኳ አልቀረም። ይህ ብቻ እንዳይሆን ብላ አዲሱን ዱቄት በዚያው የወረቀት ከረጢት አድርጋ የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለውን ሙቀት በሚያህል ማሞቂያ ውስጥ አኖረችው። በሦስት ሳምንት ውስጥ እሱም ሞተ። ከዚያ የድሮውን የስድስት ወር ፈተና ፈልጋ አወጣች። ዱቄቱ የተፈተነው በታሸገ ብርጭቆ፣ በቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ነበር። በከረጢት፣ በገበሬ ቤት፣ በበጋ ሙቀት ማንም አልሞከረውም። እሷም ጠይቃ አታውቅም።

ሄኒንግ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አየ።

«ስንት ሰው ያውቃል?»

«አንተና እኔ።»

«እንግዲያው እስከ ጸደይ ይቆይ። ዱቄቱን በዘይት እንለውሰዋለን፤ ዘይት ይይዘዋል። ማሸጊያውንም እንቀይራለን። ሶልቫይ፣ የምንሠራው መልካም ነገር ነው። አሁን ስሙ ከጠፋ ማንም ገበሬ ዳግመኛ አይነካውም።»

«ሰውየውስ?»

«የትኛው ሰውዬ?»

ሶልቫይ ወረቀቶቹን ሰብስባ ወጣች። የዚያኑ ዕለት ያገኘችውን ሁሉ ለወተት ማኅበሩ ጻፈች፤ በሳምንቱ የቢሮ ቁልፏን አስረከበች።

ቪጎን ኩሽናቸው ውስጥ አገኘቻቸው። ሬዲዮው በዝቅታ ያወራል። በመስኮቱ በኩል በረቱ ይታያል፤ በሮቹ ተከፍተው ነፋስ ይገባል ይወጣል። ሶልቫይ ሳትቀመጥ ሁሉንም ነገረቻቸው። እሳቸው እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ሰሙ።

«ጽፈሽዋል?» አሉ።

«ጽፌ ለማኅበሩ ልኬዋለሁ።»

«እኔን ያዋረዱኝ በወረቀት አይደለም፣ ልጄ። በአፍ ነው፤ በአዳራሽ፣ ሰው ፊት።»

«በአዳራሽ እናገራለሁ።»

«ማን አዘዘሽ?»

«ማንም።»

ቪጎ ተነሥተው ሬዲዮውን ዘጉ። እሷ ለመጠየቅ የፈራችውን ሳትጠይቅ መለሱላት። «ኤስበን ወደ ሰሜን፣ ቬንሲሰል ሄዷል። የሰው ላም ያልባል።»

ስብሰባው ኅዳር ሊያልቅ ሲል፣ አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነበር። ስልሳ ያህል ሰው ተቀምጧል። ቪጎ በር አጠገብ ቆሙ፤ ወንበር ቢሰጧቸው አልተቀመጡም። ሶልቫይ ወረቀት አልያዘችም። ዱቄቱ ሙቀት እንደማይችል፣ በከረጢቱ ላይ ያለውን የጻፈችው እሷ እንደሆነች፣ ቆጡንም የመረጠችው እሷ እንደሆነች፣ ቪጎና ልጃቸው አንድም ቀን እንዳላጓደሉ ተናገረች።

ፕሬበን እጁን አወጣ። በዚህ ቀን አልቀለደም። «ያን ጊዜ ስትጽፊ ይሄን አታውቂም ነበር?»

«አላውቅም ነበር። ግን ተነግሮኝ ነበር። ኤስበን ሽታው ጠፍቷል ብሎ በአፉ ነግሮኛል። አልሰማሁትም።»

«ለምን?»

ሶልቫይ የምትለውን ፈለገች፤ ከእውነቱ በቀር ሌላ አላገኘችም።

«ስለምወደው» አለች። «ወደደችውና አደላችለት እንዳልባል ብዬ፣ ከማንም በላይ እሱን ጠረጠርኩ። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ዱቄቱን አሸትተው ነበር።»

ማንም አልሳቀም። ፕሬበን ወንበሩን ገፍቶ ተነሣና በአዳራሹ መሀል አልፎ ቪጎ ፊት ቆመ።

«ያን ቀን ያልኩህን ነገር...»

«አልሰማሁህም» አሉ ቪጎ። «ጆሮዬ ከብዷል።»

እጅ ለእጅ ተጨባበጡ። ሶልቫይ ስትወጣ ቪጎ በሩን ከፍተው ያዙላት።

በማግስቱ ጠዋት ቬንሲሰል ደረሰች። ኤስበን በማለቢያው ክፍል ውስጥ፣ በሁለት ረድፍ ላሞች መሀል፣ እስከ ክርኑ ርሶ ይሠራል። አያትና ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው የፕላስቲክ ሽርጥ በአገጩ ጠቆመ። ለብሳ ከጎኑ ቆመች። እሱ ጡት ያጥባል፣ እሷ ማለቢያውን ትገጥማለች። አንድ ረድፍ ሙሉ እንዲህ አለፈ።

«ትናንት ሦስት ሰው ደወለልኝ» አለ በመጨረሻ። «አንዷ አክስቴ ናት። ታለቅስ ነበር።»

«ምን አሉህ?»

«በመላው ሞርስ ፊት እወደዋለሁ ብላ ተናገረች አሉኝ። ለኔ ግን ነግረሽኝ አታውቂም።»

«አሁን እነግርሃለሁ።»

«አሁን አትንገሪኝ።» ፎጣውን ባልዲው ውስጥ ጣለ። «ላሞቹ ሲጫኑ አባባ ከቤት አልወጣም። አንድ በአንድ ያወጣኋቸው እኔ ነኝ። ሹፌሩ በቁጥር ይጠራል፣ እኔ በስማቸው እየጠራሁ አመጣለሁ። ሀነ መወጣጫው ላይ ቆማ ወደ ኋላ ዞራ አየችኝ። ያን ቀን ጠልቼሽ ነበር፣ ሶልቫይ። ውሸት አልነግርሽም።»

«አሁንስ?»

«አሁንማ ብጠላሽ ይቀለኝ ነበር።»

ሌላ ረድፍ ላም ገባ። ሶልቫይ ማለቢያውን አነሣች።

«ይቅር በለኝ አልልህም» አለች። «ግን ማወቅ አለብህ። አንተን ባምን ሥራዬን መጠርጠር ነበረብኝ። አንተን መጠርጠሩ ቀለለኝ። ሐቀኛ የሆንኩ መስሎኝ ነበር፤ ፈርቼ ነው።»

ኤስበን ወደ ቀጣይዋ ላም አልፎ ጡቷን አጠበ። ሲጨርሱ እስከ መኪናዋ ሸኛት። «ጊዜ ስጪኝ» አላት። «ስንት እንደሆነ አላውቅም።»

ክረምቱን ሙሉ ሰጠችው። ስኪቨ በሚገኝ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ ማስተማር ጀመረች። እሱ አልፎ አልፎ የላም ፎቶ ይልክላታል፣ ያለ አንዲት ቃል። እሷም ያለ ቃል ታየዋለች። ጥር ላይ አንድ እሑድ ደወለ፤ ስለ በረዶው አወሩ። በሚቀጥለው እሑድም ደወለ። ስለ ሌላው ነገር አላነሱም፤ አንዳንዴ ሁለቱም ዝም ብለው መስመሩ ላይ ይቆያሉ፤ ቀድሞ የሚዘጋ አይገኝም።

ሚያዝያ ላይ የደወለው ግን ረቡዕ ነው።

«አባባ እርሻውን በስሜ አዛወረ» አላት። «ፕሬበን ያኔ ከነጋዴው የገዛቸውን አሥራ ስምንት ላሞች መልሶ ሸጠልኝ። ሀነ አለችበት። ቅዳሜ ወደ መስኩ እናወጣቸዋለን።»

«ደስ ይላል፣ ኤስበን።»

«ከመቶ ሃያ አሥራ ስምንት ናቸው። ሰው ሊስቅ ይችላል።» ከዚያ ወሬውን ለወጠ። «ዱቄቱን በዘይት የሚለውሱ አዲስ ሰዎች መጥተው አነጋግረውኛል። እሞክረዋለሁ ብያለሁ፤ ቀዝቃዛው ምድር ቤት ውስጥ አስቀምጬ። ግን አንቺ አትለኪም።»

«ማን ይለካል?»

«የፈለገ ይለካ። አንቺ ስናገር ስሚኝ፣ እኔም እሰማሻለሁ። ነይ።»

ቅዳሜ ጠዋት የደሴቱ ሰው በአጥሩ ዙሪያ ተሰብስቦ ነበር። ክረምቱን በበረት የከረሙ ላሞች ሣር የሚረግጡበትን ቀን ለማየት ሰው ሁልጊዜ ይመጣል፤ በዚህ እርሻ ግን ዘንድሮ የሚመጣ ይኖራል ብሎ ማንም አልገመተም ነበር። ፕሬበን ሳይቀር ሚስቱን ይዞ መጥቷል። ሶልቫይ ከሰዉ በስተኋላ ቆመች።

ቪጎ መቀርቀሪያውን ሳቡት። ላሞቹ ደፉ ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ፣ አሸተቱ፣ ከዚያ የመጀመሪያዋ ዘለለች። ሌሎቹም ተከተሉ። እነዚያ ከባድ እንስሶች የኋላ እግራቸውን ወደ ሰማይ እየወረወሩ፣ ጡታቸው እየተወዛወዘ፣ እንደ ጥጃ ሜዳውን ዞሩት። ሰዉ አጨበጨበ። ቪጎ ፊታቸውን ወደ በረቱ ግድግዳ አዞሩና መሐረባቸውን አወጡ።

ኤስበን በሩን ትቶ መጣ። በሰዉ መሀል አልፎ፣ ሰላም ያሉትን ሰላም እያለ፣ ሶልቫይ አጠገብ ቆመና እጇን ያዘ። ልማድ ሆኖባት ልትስብ ሞከረች።

«እያዩን ነው» አለችው።

«ይዩን።»

እውነትም ያዩ ነበር። የፕሬበን ሚስት ባሏን በክርኗ ጎሸመችው።

ቪጎ መሐረባቸውን አጥፈው ወደ እነሱ መጡ። የተያያዘውን እጅ አዩ። ከአጥሩ ተደግፈው ወደ ሜዳው ተመለከቱ። ላሞቹ ዝላዩን ጨርሰው መጋጥ ጀምረዋል፤ በዚያ ሁሉ አረንጓዴ ውስጥ እዚህም እዚያም ተበትነው ትንሽ ሆነው ይታያሉ።

«መስኩ ሰፋቸው» አሉ ቪጎ።

«ይሞላል፣ አባባ።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ማመናቸው ይሁን መጠራጠራቸው አልታወቀም። ሶልቫይ ይሞላል ለማለት አልደፈረችም። የሄዱት መቶ ሁለቱ የት እንዳሉ አታውቅም፤ እንደማይመለሱም ታውቃለች። በኤስበን እጅ ውስጥ ያለውን እጇን ግን አላወጣችም። እሱም ስለ ሣሩ ለአባቱ እየነገረ ሳለ፣ ሳያያት፣ ጠበቅ አደረገው።